የበርናባስ ስንዝር

በርናባስ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ሸማኔ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። አባቱ ሸማኔ፣ አያቱ ሸማኔ፤ ዶርዜ ላይ ከቤታቸው የመወርወሪያ ድምፅ ሳይሰማ የሚውለው እሁድና የበዓል ቀን ብቻ ነበር። እሱም ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላው እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ ጋቢና ነጠላ ሲሠራ ኖሮ፣ ከዚያ ነው ተራራውን ወርዶ አርባ ምንጭ የገባው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መጀመሪያ ዘበኛ፣ ቀጥሎ ተላላኪ፣ በኋላ ደግሞ “ይሄ ሰውዬ እጁ ወርቅ ነው” ተባለና የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዕቃ ሠሪና ጠጋኝ ሆነ። የተሰበረውን ይቀጥላል፣ የሌለውን ከሌላ ነገር ይፈጥራል። ይኸው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

አንድ አመል አለው። ማስመሪያ አይወድም። “የእኔ ስንዝር ሃያ ሴንቲ ናት፣ አታድርቁኝ” ይላል። ወጣት መምህራን ሲመጡ ሊያሾፉበት አስለክተውት ያውቃሉ፤ እሱ በስንዝሩ፣ እነሱ በማስመሪያቸው። ያፈሩት ሁሌም እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ እጅ የታደለ ሰው ደግሞ ልቡ ትንሽ ማበጡ አይቀርም፤ የበርናባስም አብጦ ነበር። ከዚያ በቀር ክፉ ነገር አይወጣውም፤ ሰው የሚወድ፣ ሰውም የሚወደው ነው።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው በቀመሪያ በኩል ነው።

ቀመሪያ የከሊል ልጅ ናት። ከሊል ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ ሳሙናና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ልጁ ፊዚክስ ልማር ስትለው ፈቀደ፣ ማስተርስ ልቀጥል ስትለው ፈቀደ፣ አንድ ዓመት ይራዘምልኝ ስትለውም እየተነጫነጨ ፈቀደ። ዘንድሮ ግን “በቃ! እስከ ሰኔ ካልጨረስሽ ሱቁ ይጠብቅሻል” ብሎ ቆረጠ። ክፉ አባት ሆኖ አይደለም፤ የምትሠራውን ሲጠይቃት የምትመልስለት ነገር አልገባ ብሎት ነው።

እውነት ለመናገር ጥያቄዋ ሲሰሙት ቀላል ነው። አሥራ ዘጠኝ አንድ ዓይነት ፔንዱለም በአንድ ረድፍ ትሰቅላለህ፤ እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት ወዲያ ወዲህ የሚሉ። እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር በላስቲክ ታያይዘዋለህ። ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ትንጣቸዋለህ። ቀስ ብለህ ከነቀነቅካቸው ምንም ችግር የለም፤ ትንሽ ስትሰጣቸው ትንሽ ይመልሱልሃል። አጥብቀህ ከናጥካቸው ግን ሌላ ጉድ ነው፤ እጥፍ ስትሰጥ እጥፍ አይመልሱም፣ ምን እንደሚመልሱም አይታወቅም። ታዲያ ያን ጊዜ ተስማምተው አንድ መልክ ይሠራሉ? ወይስ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ያብዳል? ቀመሪያ ይህን ነበር የምትጠይቀው።

አማካሪዋ ዶክተር ወልደሥላሴ ሥራውን ለበርናባስ ሰጡት። “አቶ በርናባስ፣ አሥራ ዘጠኙም እኩል ይሁኑልኝ። ሃያ ሴንቲ ሜትር፤ አደራ።” “ይቅለልዎት” አለ በርናባስ።

ከሲቀላ ብስክሌት ጠጋኞች ራጂ ገዛ፣ ያ ጎማውን የሚወጥረው ቀጭን ሽቦ። ከእያንዳንዱ ራጂ ጫፍ ዳዶ አሰረ፤ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ውስጥ ላስቲክ ቀደደ፤ ከተጣለ የልብስ ስፌት መኪና የሚንጣቸውን ሞተር ነቀለ። ሁሉም ነገር ተሟላ፣ የቀረው ልኩ ብቻ ነው። ጥሩው የብረት ማስመሪያ ሌላ ክፍል ተውሶት አልተመለሰም፤ በርናባስም ሄዶ አልጠየቀም። ስንዝር እያለው ለምን ብሎ! በዚያ ሰሞን ግን ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ሲወርድ የሚኒባስ በር አውራ ጣቱን ቀርጥፎት በጨርቅ አስሮታል። ባበጠ ጣት ስንዝር እየዘረጋ፣ ሲያመው እያጠፈ፣ ሲሻለው እየዘረጋ፣ አሥራ ዘጠኙን ራጂ በፒንሳ ቆረጣቸው።

ሲሰቅላቸው ከታች በኩል ወጣ ገባ አሉበት። አየው፣ ደነገጠ። ከዚያ ሸማኔ ብቻ የሚያደርገውን አደረገ። ጋቢ ጠርዙ ከተጣመመ ሠሪው ተዋረደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠርዙን አስተካከለ። አጭሩን ራጂ ዝቅ አድርጎ፣ ረጅሙን ከፍ አድርጎ ሰቀለና ዳዶዎቹን በሙሉ በአንድ መስመር አሰለፋቸው። ከላይ ያለው መንሻፈፍ ከእንጨቱ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም። መዝገቡ ላይም “ሃያ ሴ.ሜ.” ብሎ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጻፈ። ሃያ ማለት ያው ሃያ አካባቢ ማለት ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሞተሩ ሲነሳ ጉድ ተባለ! ራጂዎቹ መጀመሪያ ተተረማመሱ፣ ተጋጩ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየተግባቡ ሄዱ። ከግራ አንድ ሞገድ ተነሳ፣ እየተቀባበሉ እስከ ቀኝ አደረሱት፣ መልሰው አመጡት፤ እንደገና፣ እንደገና፣ አንዴም ሳይስቱ። ዶክተር ወልደሥላሴ አጨበጨቡ። ቀመሪያ በስልኳ ቪዲዮ እየቀረጸች “ጋሽ በርናባስ፣ እጅዎን ይባርከው!” አለችው። የሰውዬውን ደስታ አትጠይቁኝ፤ ልጅ የተወለደለት ይመስል ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ቀመሪያ ይህንኑ ነገር ኮምፒውተር ላይ በስሌት መድገም ነበረባት። አሥራ ዘጠኝ እኩል ፔንዱለም፣ እያንዳንዱ ሃያ ሴንቲ ብላ ስታስገባ ኮምፒውተሩ እብደት ያወጣል። ሞገድ የለም፣ ስምምነት የለም። ፕሮግራሙን ፈትታ እንደገና ጻፈችው፤ እብደት። መጽሐፍ ለውጣ፣ ቀመር ለውጣ ሞከረች፤ እብደት። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነች። ከሳች፣ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ብቻዋን ማውራት ጀመረች። ዶክተሩም “ስህተቱ ያንቺ ነው፣ ፈልጊው” ከማለት በቀር ሊረዷት አልቻሉም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የተላከችው፤ ያንን ያወቀ ግን አልነበረም።

በርናባስም አላወቀም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኪቦርዱ ላይ ግንባሯን ደፍታ ስታለቅስ አገኛትና ከጫኖ የመጣ ሙዝ አጠገቧ አስቀምጦ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ወጣ። ልጅቷን የሚያስለቅሳት የእሱ አውራ ጣት መሆኑን ማን ይንገረው? ፊዚክሱን አያውቀው! “ምስኪን፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶባት ነው” ይል ነበር።

በመጨረሻ ስሌቱን ከጽሑፉ አወጡትና በራጂዎቹ ውጤት ብቻ እንድትቀርብ ተወሰነ። ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ዲፌንስ ለሰኔ አጋማሽ ሰኞ ተቀጠረ። የውጭ ፈታኝ ሆነው ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዶክተር ዲሪባ መሆናቸው ሲሰማ ግን ቤተ ሙከራው ሁሉ ተንጫጫ። “እኚያ ሰው የሰው ልኬት አያምኑም፤ ማስመሪያ በቦርሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት” ተባለ።

በርናባስም ይህን ሰማ። ያ በውሰት የሄደው የብረት ማስመሪያ በዚያው ሳምንት ተመልሶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ማንም በሌለበት ሳጥኑን ከፍቶ አንድ ራጂ ነቅሎ ለካ። አሥራ ስምንት ተኩል። ሌላ ነቀለ፤ ሃያ አንድ ከአራት ሚሊ። ሌላ፤ አሥራ ዘጠኝ ከሦስት። ያ ሁሉ ጉራ፣ ያ ሁሉ “የእኔ ስንዝር” ዋጋው ይህ ነበር? አባቱ ቢያየው ምን ይል ነበር?

እዚያው ቁጭ ብሎ አሥራ ዘጠኝ አዲስ ራጂ ቆረጠ። በማስመሪያ፣ በመነጽር፣ በሞረድ እየፋቀ፤ አንዷ ሚሊ ሜትር እንኳ ሳትዛነፍ። አሮጌዎቹን አልጣላቸውም፤ ሸማኔ ክር አይጥልም። ከአንደኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው በተሰቀሉበት ተራ፣ ድር እንደሚያያዝ አድርጎ በክር አያይዞ መሳቢያው ውስጥ ከተታቸው። አዲሶቹን ሰቀለ። እንዲህ ሲንሻፈፉ ያን ያህል ካማሩ፣ ሲስተካከሉማ ምን ሊያምሩ ነው! ሞተሩን ሊሞክር ማብሪያውን ሲጫን መብራት የለም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀ፣ አልመጣም። ቆልፎ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው፤ ግን እሱ ገና አላወቀም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምሳ አልበላ አለው። ሚስቱ ልክነሽ ሳህኑን አየች፣ ፊቱን አየች። “ምን ደብቀህ ነው?” አለችው።

“ምን እደብቃለሁ? ሞቆኝ ነው እንጂ።”

“አርባ ምንጭ መሞቅ የጀመረችው ዛሬ ነው እንዴ?” አለችና ሳህኑን አነሳች።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከሊል እንኳ ሱቁን ለሰው ትቶ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ምንም እንዳልገባው ከሩቅ ያስታውቃል። ቀመሪያ ግሩም አድርጋ አቀረበች። ቪዲዮው ታየ፣ ሞገዱ ሄዶ መጣ፣ ሰው ተደመመ። ዶክተር ዲሪባ መነጽራቸውን አወለቁና “እኩል የሆኑ ፔንዱለሞች እንዲህ በኃይል ሲናጡ ሥርዓት ይይዛሉ ነው የምትይኝ። እኔ ደግሞ ያብዳሉ ነበር የምለው። ቪዲዮ አይቻለሁ፤ አሁን በዓይኔ ልየው” አሉ።

መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ዶክተር ዲሪባ የተባለላቸው እውነት ነው፣ ማስመሪያቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ አምስት ያህሉን ለኩ። “ሃያ። ሃያ። ሃያ። በጣም ጥሩ ሥራ ነው” አሉ። በርናባስ በሩ አጠገብ ቆሞ እፎይ አለ።

ሞተሩ ተነሳ። ራጂዎቹ ተተረማመሱ። ይግባባሉ ተብሎ ተጠበቀ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሲንደፋደፍ፤ የገበያ ግርግር ሆነ። ቀመሪያ አጥፍታ አስነሳችው። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችው። ያው ነው።

ዶክተር ዲሪባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ልጄ፣ ይሄ ቪዲዮ ከየት መጣ?” አሏት።

ሁሉም ገባው። ፈጠራ ነው፣ ውሸት ነው ማለታቸው ነው። በዚህ የተባረረ ተማሪ ተመልሶ አይገባም። የቀመሪያ እንባ ወረደ። ከሊል ከኋላ ብድግ አለ፤ ልጁን ማን እንደነካት ስላልገባው ማንን እንደሚቆጣ አላወቀም።

በርናባስ በሩ አጠገብ ደርቆ ቀረ። በሩ ክፍት ነው፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ ቢወጣ ማንም አይጠይቀውም። መዝገቡን ሐሰት የጻፈው እሱ ነው፤ ቢናገር ሠላሳ ስድስት ዓመት ያገለገለበት ሥራና ሁለት ዓመት የቀረው ጡረታ ምን እንደሚሆኑ ያውቃል። ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ልጅ ሳለ አጎቱ የድንበር ድንጋይ በስውር አንቀሳቅሶ ነበር። በዚያ ዓመት የመንደሩ ገብስ አልያዘም፣ ላሞች ነጠፉ። ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ፣ ያ መንደሩ የሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ተቀመጡና “ጎሜ አለ” አሉ፤ ጎሜ በተደበቀ በደል የሚመጣ መቅሰፍት ነው። “አንድ ሰው የደበቀው ነገር አለ። ይናገር፤ ካልተናገረ የሚጠፋው እሱ ብቻ አይደለም።” አጎቱ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ሲናገር በርናባስ የእናቱን ቀሚስ ይዞ አይቶታል። ጎሜ የደበቀውን ትቶ ጎረቤቱን ነው የሚመታው፤ እናቱ ያኔ እንዲህ ብላዋለች።

በርናባስ ወደ ፊት ሄደ። ጠረጴዛውን ያዘ።

“ልጅቷን አትጠይቋት። የደበቅኩት እኔ ነኝ” አለ። “እነዚህ ራጂዎች የቅዳሜ ናቸው። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እኩል አልነበሩም። በስንዝሬ ነው የለካሁት፣ ጣቴም ታሞ ነበር። ሃያ ብዬ የጻፍኩት ውሸቴን ነው። ጠርዙን አስተካክዬ አታለልኳችሁ።”

ዶክተር ወልደሥላሴ ፊታቸው ጠቆረ። እርስዎ ማለቱን ረስተው “አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስታለቅስ እያየህ?” ብለው ጮኹበት።

“ከዚህ ጋር እንደሚገናኝ አላወቅኩም፣ ዶክተር። እግዜር ያውቃል፣ አላወቅኩም። ልጄ፣ በድዬሻለሁ” አለ በርናባስ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

ቀመሪያ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። “እኩል አልነበሩም?” አለች። “ጋሽ በርናባስ፣ እኩል አልነበሩም? የታሉ? የታሉ አሮጌዎቹ?”

በርናባስ ሄዶ ከቤተ ሙከራው መሳቢያ አመጣቸው። በክሩ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ በተራቸው እንደነበሩ ናቸው። መልሶ መስቀሉ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ሰው ግን አልተነሳም። ዶክተር ዲሪባ ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ዳዶ ያቀብሉ ጀመር። ሞተሩ ተነሳ። ራጂዎቹ ተተረማመሱ፣ ተጋጩ። ከዚያ ከግራ አንድ ሞገድ ተነሳ።

“አላህ!” አለ ከሊል ከኋላ።

ቀመሪያ ሞገዱን ቆማ አላየችውም። ዶክተር ዲሪባ ሲሰቀሉ የመዘገቡትን ልክ እያነበቡላት ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች፦ አሥራ ስምንት ተኩል፣ ሃያ አንድ ከአራት... ያንኑ አራት ወር የሰደበችውን፣ ያለቀሰችበትን ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳትነካ አስነሳችው። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ተተረማመሱ፤ ከዚያ ተያያዙ፤ ሞገዱ ሄደ፣ መጣ። “ትክክል ነበርኩ” አለች። ደግማ “ትክክል ነበርኩ!” አለች፤ ጮኸች ማለት ይሻላል።

ዶክተር ዲሪባ ለከሊል ጭምር እንዲገባ አድርገው አስረዱ። ሁሉም ፍጹም እኩል ሲሆኑ የአንዱ እብደት ሳይቀነስ ለሌላው ይደርሳል፤ የሚገታው የለም። ተለያይተው ሲታሰሩ ግን ቸኳዩ ዘገምተኛውን ይጎትታል፣ ዘገምተኛው ቸኳዩን ይይዘዋል፤ በመሃል አንድ አካሄድ ያገኛሉ። “ሁሌም አይሆንም፤ ልዩነቱ ከበዛ ይበታተናሉ። ልክ አለው። ልጄ፣ ርእስሽን ቀይሪ፤ ይሄ ካሰብሽው ይበልጣል። ሦስት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ” አሉ። ከዚያ ወደ በርናባስ ዞሩ። “የእርስዎ ነገር ግን ሌላ ነው። ውጤቱ ስላማረ ውሸቱ እውነት አይሆንም።” በርናባስ አንገቱን ደፋ፤ ልክ ናቸው።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚል ደብዳቤ ተጻፈበት። ሥራው አልተነካም፤ በራሱ አንደበት ስለተናገረ ነው ተባለ። የዚያን ዕለት አዳራሹ በር ላይ ከሊል ጠብቆ ያዘው። በርናባስ ሊሰድበኝ ነው ብሎ ቆመ። “ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለ ከሊል። “ልጄ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስታወራ አመማት ብዬ ነበር። አላመማትም ማለት ነው?”

“አላመማትም። ልክ ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

ከሊል ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። “ሱቁን ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ” አለ።

በማግስቱ መዝገቡ እንዲታረም ታዘዘ። በርናባስ አሥራ ዘጠኙን “ሃያ” አንድ በአንድ ሰረዘ። ቀመሪያ አጠገቡ ተቀምጣ እየለካች ትነግረዋለች፣ እሱ ይጽፋል። አንዴም ስንዝሩን አልዘረጋም። አሥራ ስምንት ተኩል። ሃያ አንድ ከአራት። አሥራ ዘጠኝ ከሦስት። ቁጥር በተጠራ ቁጥር አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ፣ ትናንት በጥድፊያ ስትጽፈው ያላስተዋለችውን አየች። ማስመሪያውን አገላበጠች፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ እንደገና ለካች።

“ምነው? በጣም ዛነፈ?” አለ በርናባስ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

“ጋሽ በርናባስ፣ ይሄኛው ሃያ ነው። ልክ ሃያ!”

መዝገቡን አየው። “ሃያ” የሚለውን አስቀድሞ ሰርዞታል። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ የዳነውን አውራ ጣቱን አየ፣ ሳቁና ልቅሶው ተምታቱበት።

“አንቺው ጻፊው” አለ፤ “እኔ ብጽፈው ማን ያምነኛል?”

ቀመሪያ እስክሪብቶውን ወስዳ በተሰረዘው ላይ “ሃያ” ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ስሟን ፈረመች።